ስላይዱን ጣልኩት

ዋሽንግተን ዲሲ የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ የሕክምና ተማሪዎችም አስተምራለሁ። እዚህ ሐበሻና ሳልቫዶራዊ ጎረቤት ነው። እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ቀጥሎ ፑፑሳ፣ የሳልቫዶራውያን የበቆሎ ቂጣ፣ ይጋገራል። ስለዚህ ላቲኖ፣ ማለትም ከላቲን አሜሪካ የመጡ፣ ታካሚዎችን ስለማከም አስተምር ስባል «ይኼማ የኔ ጉዳይ ነው» ብዬ ዘልዬ ገባሁበት።

አርባ ስላይድ ሠራሁ። ቤተሰብ ይወዳሉ፣ ትልቅ ሰው ያከብራሉ፣ ሃይማኖተኛ ናቸው። ተማሪዎቹ ሸምድደው ፈተናውን ደፈኑ። ከሳምንት በኋላ አንዱ ለአንዲት ሴት «መቼም ቤተሰብዎ ያግዝዎታል» አላት። ሴትየዋ የሸሸችው ከገዛ ባሏና ከወንድሞቿ ነበር። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጨብጣ ወለሉን ማየት ጀመረች። ከዚያ በኋላ መልሷ «ሲ» እና «ኖ»፣ አዎና አይ፣ ብቻ ሆነ። ልጁ ምን ያድርግ? የተናገረው እኔ ያስተማርኩትን ነው።

ስላይዱን ጣልኩት። በምትኩ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመርመሪያ መጽሐፍ፣ ውስጥ ያለውን የባህል ቃለ መጠይቅ ያዝኩ። 16 ጥያቄዎች ናቸው። ችግርዎን ምን ብለው ይጠሩታል? ከምን መጣ ይላሉ? እስካሁን ማን ረዳዎት? ጥያቄውን ማስጠናት ቀላል ነው። ከጠየቁ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅን ማስለመድ ነው ያለፋኝ።

መልሱ ብዙ ጊዜ «ኔርቪዮስ» ነው፤ «ነርቬ» እንደማለት። አንዳንዷ ደግሞ «አታኬ ዴ ኔርቪዮስ» ትላለች፤ ከመርዶ ወይም ከቤት ጠብ በኋላ መጮህ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከደረት ወደ ራስ የሚወጣ ሙቀት። ተማሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚጥል በሽታ ይታየዋል። «ሱስቶ» ሲባል ግን እኔ ተርጓሚ አላስፈለገኝም። እናቴ «ድንጋጤ ነው የጣላት» ስትል ነው ያደግኩት። «ኡስቴድ»ም ያው የኛ «እርስዎ» ነው። ስፓኒሽ የቀማመሰ ተማሪ ሽማግሌውን «ቱ»፣ አንተ፣ ሲል ጆሮዬን ይቆጠቁጠኛል።

አስተርጓሚ ላይ ድርቅ ያልኩበት ነገር አለ። ተማሪዎቹ አስተርጓሚዋን እያዩ «ትተኛለች ወይ በያት» ይላሉ። ወንበሩን አዞርኩት፤ ተማሪና ታካሚ ፊት ለፊት፣ አስተርጓሚዋ ከታካሚዋ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ። ልጅ እንዲያስተረጉም ደግሞ በጭራሽ። የድብርት መጠይቁ ዘጠነኛ ጥያቄ «ብሞት ይሻለኛል ብለው ያስባሉ?» ነው የሚለው። የትኛዋ እናት ናት ይህን በአሥር ዓመት ልጇ አፍ የምትመልስ?

ስለ ኤል ሳልቫዶር የእርስ በርስ ጦርነትም እናወራለን፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992። በመጀመሪያው ቀን እንዳትጠይቁ እላቸዋለሁ። ቀይ ሽብርን ካየ ቤት የወጣ ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል።

ይህ «አውቀዋለሁ» ማለት ግን እኔንም ጉድ ሠርቶኛል። አንዲትን ከኤል ሳልቫዶሯ ሳን ሚጌል ከተማ የመጣች ሴት ከማየታችን በፊት ለተማሪዋ «ስለምትሳለምበት ቤተክርስቲያን፣ ስለ ቅዱሳኑ ጠይቂያት፤ እንደኛ ናቸው» አልኳት። ጠየቀቻት። ሴትየዋ ፈገግ አለች። «እኔ ኤቫንሄሊካ፣ ጴንጤ፣ ነኝ፣ ዶክተር። ቅዱሳን የለኝም።» እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ፊቴ ጋለ። ተማሪዋ ግን ወረቀቷን ገልብጣ «ታዲያ ሲከፋዎት ማን ይጸልይልዎታል?» አለቻት።

ሴትየዋ ማውራት ስትጀምር አስተርጓሚዋ ልትደርስባት አልቻለችም።