ጳጉሜን የማያውቀው ኤክሴል፦ ከምርምር ኢንተርንሺፕ ልምዴ

ዳታዬ ጸድቶ ዛሬ ለስታቲስቲክስ ባለሙያው ተላለፈ። ትንሽ ልኩራበትና ለእናንተም ላካፍል።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከማዋለጃ ክፍል ሥራዬ ጎን ለጎን፣ ነፍሰ ጡሮች ክትትል መቼ እንደሚጀምሩ በሚያጠና ፕሮጀክት ላይ ኢንተርን ሆኛለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የቅድመ ወሊድ ክትትል 8 ጊዜ እንዲሆን፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል። እኛ የምናየው ስንቶቹ በጊዜ እንደመጡ ነው። ፕሮፖዛሉን፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን፣ ካርድ ክፍል መለማመጡን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ልለፈው።

እኔን ያንገበገበኝ ቀን ነው፤ ከመጨረሻው የወር አበባ እስከ መጀመሪያው ክትትል ስንት ቀን እንዳለፈ ማስላት ነበረብኝ። ካርዱ ላይ የሚጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ኤክሴል ግን የምታስገቡለትን ቀን የሚያነበው በፈረንጁ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2016 ብላችሁ ስታስገቡለት፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። 13ኛ ወር ሲባልማ ጭራሽ አልሰማም።

እነዚህስ ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባሉ። ክፉው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ልክ 30 ቀን ነው፤ ኤክሴል ግን ፌብሩዋሪ መስሎት 28 ወይም 29 ይላችኋል። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 1 ደግሞ 2 ቀን ይላል። ጳጉሜ ተውጣ ቀረች! እናትየው 12ኛው ሳምንት ጫፍ ላይ ከሆነች፣ በዚህች ልዩነት ብቻ ዘግይታ መጥታ ሳለ «በጊዜ መጣች» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች።

የሚገርመው እኛ አዋላጆች ይህን በጣታችን ስንሠራው ኖረናል። የመውለጃ ቀኗን ለማወቅ የመጨረሻ የወር አበባዋ ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን እንደምራለን። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች 10ሩ 5 ይሆናል፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን 4።

«በአፕ ወደ ፈረንጅ እየቀየራችሁ አስገቡ» የሚል ምክር ብዙ ቦታ ሰምቻለሁ። እኔ አልስማማም። ካርድ እያገላበጠ አንድ በአንድ የሚቀይር ሰው ከሰዓት በኋላ መድከሙ አይቀርም፤ ሲሳሳትም የት እንደተሳሳተ አይገኝም። ካርዱ ላይ ያለውን እንዳለ አስገቡ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀን ይህን አስሉ፦ ዓመት × 365፣ ሲደመር ዓመት ለ4 ተካፍሎ ሙሉ ቁጥሩ ብቻ፣ ሲደመር (ወር − 1) × 30፣ ሲደመር ቀን። የሁለቱን ቀኖች ውጤት ቀንሱ፤ ልዩነቱ በቀን ይመጣል። ጳጉሜ 6ም ራሷ ገብታ ትቆጠራለች። ፈረንጅ አቆጣጠር ጭራሽ አላስፈለገም! ገና ዳታ ልትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ ኦዲኬ ኮሌክት የሚባለው በስልክ ዳታ መሰብሰቢያ አፕ የኛን ካሌንደር ያሳያል፤ የሚያስቀምጠው ግን ወደ ፈረንጅ ቀይሮ ስለሆነ ዳታው ሲወርድ እንዳትደነግጡ።

ሌላው፣ እናቶች ቀኑን በቁጥር ላይነግሯችሁ ይችላሉ። «የኅዳር ሚካኤል ማግስት» ካለች ግን ከዚህ የተሻለ መረጃ የለም፤ ኅዳር 13 ማለት ነው። «አታስታውስም» ብሎ ባዶ የሚተው መዝጋቢ ያናድደኛል።

ኢንተርንሺፕ ስትመርጡ ዳታ የሚያስነካችሁን ምረጡ። ትልቅ ስም ያለው ፕሮጀክት ገብቶ ፎቶ ኮፒ ሲያነሱ መክረም ምን ይሠራል? ጽሑፍ ዳሰሳ ላይ ግን ምክር አትጠይቁኝ፤ አሁንም አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን) አንብቤ ነው የማልፈው።

ቀጥሎ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለው የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። ሱፐርቫይዘሬ ሲያስረዳኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ እንጂ ምኑም አልገባኝም። ከዚያ ስሌት የሚወጣውን ኦድስ ሬሾ ያለ ፎርሙላ የሚያስረዳኝ ካለ ቡና በእኔ ነው።