«ሲቪክስ» የሚለው ቃል እንዴት እንዳሳሳተኝ፦ ልጄን ከአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስመረቅሁበት መንገድ

ልጄ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ከአዲስ አበባ ስትመጣ ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳ ነበር፤ በሰኔ 2024 ደግሞ እዚህ ሜሪላንድ ተመረቀች። በመካከሉ ያሉት ሦስት ዓመታት በአብዛኛው በሰላም ያለፉ ቢሆኑም፣ በመጨረሻው ዓመት ጥር ላይ የመንግሥትና የታሪክ ትምህርት ጉዳይ ምርቃቷን ሊያስቀርባት ምንም አልቀረውም ነበር። ይህን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው በማጣቴ ነው።

ምዝገባው ራሱ አያስቸግርም። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውልና የተተረጎመ ትራንስክሪፕት ይዞ መሄድ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፈተናውን ጨምሮ በሁለት ቀን ያልቃል። ስቴቱ ለዲፕሎማ የሚጠይቀውን የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትም ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ በሚታደልበት ቦታ እየሠራች ያለ ችግር ጨርሳዋለች።

ነገሩ የተበላሸው ትራንስክሪፕቷ በተገመገመ ዕለት ነው። በሜሪላንድ ሕግ ተማሪው ለመመረቅ ሦስት የማኅበራዊ ሳይንስ ክሬዲቶች ያስፈልጉታል፤ አንዱ የአሜሪካ ታሪክ፣ አንዱ የዓለም ታሪክ፣ አንዱ ደግሞ የፌዴራል፣ የስቴትና የአካባቢ መንግሥት አሠራርን የሚያስተምረው «ገቨርንመንት» የሚባለው ኮርስ ነው። ገምጋሚዋ እስክሪብቷቸውን በልጄ ውጤቶች ላይ ቁልቁል እያስኬዱ መጡና «ሲቪክስ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይኼማ በጣም ጥሩ ነው» አሉና «ገቨርንመንት» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት 1.0፣ ማለትም አንድ ሙሉ ክሬዲት፣ ብለው ጻፉ። ልጄ በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር 94 አምጥታ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ፈረምሁ። የአገራችን ትምህርት ዋጋ ተሰጠው ብዬ ለባለቤቴ ስልክ የደወልሁት ገና መኪና ማቆሚያው ላይ ሳለሁ ነው።

ያንን የሥነ ዜጋ መጽሐፍ የተማረ ሁሉ ምዕራፎቹን ያስታውሳቸዋል፦ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። ከእነዚህ ውስጥ የሜሪላንድ ምክር ቤት አናፖሊስ ላይ በዓመት ለ90 ቀናት እንደሚሰበሰብ፣ ወይም ካውንቲው ግብር የሚጥለው በምን ሥልጣን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ገምጋሚዋ መጽሐፉን አይተውት አያውቁም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ አውቄም ዝም አልሁ። ለዚህ ነው ከእሳቸው ይልቅ በራሴ የምናደደው።

ጓደኞቿ አሥረኛ ክፍል ላይ ገቨርንመንት ሲማሩ እሷ በዚያው ሰዓት የሥዕል ክፍል ገባች። በጥር 2024 አዲስ የተመደበው ወጣት ካውንስለር (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) የተመራቂዎችን ፋይል ሲመረምር አስጠራኝ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ በቀይ የተቀለመ አንድ መስመር አሳየኝና ክሬዲቱ በስህተት እንደተሰጠ፣ ስቴቱ ከኮርሱ ጋር የሚሰጠውን ፈተናም እንዳልተፈተነች ነገረኝ። ኮርሱ የዓመት ነው፤ ዓመቱ ደግሞ ተጋምሷል። «በክረምቱ ትምህርት ትወስደዋለች፤ ነሐሴ ላይ ትመረቃለች» አለኝ፤ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው። ልጄን የተቀበላት ኮሌጅ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት የሚጠብቀው በሰኔ እንደሆነ ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከቢሮ ቢሮ መንከራተት ነው። ትምህርት ቤቱ «ክሬዲቱን የሰጠው ዋናው ቢሮ ነው» ይላል፤ ዋናው ቢሮ «መዝገቡን የሚይዘው ትምህርት ቤቱ ነው» ይላል። አንዷ ሠራተኛ ከፋይሉ ውስጥ የ2021ዱን ወረቀት አውጥተው ከታች ያለውን የራሴን ፊርማ በጣታቸው አሳዩኝ። የገምጋሚዋ ፊርማ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስህተቱ የኔ ነበር ብሎ በጽሑፍ የሚያምን አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ።

በንዴቴ የሠራሁትንም ልናገር፤ ያሳፍረኛል። ያደግሁት ትምህርት ሚኒስቴር ሁሉን በሚወስንበት አገር ስለሆነ፣ አቤቱታዬን ዋሽንግተን ወደሚገኘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ጽፌ ላክሁ። መልሱ አጭርና ትሑት ነበር፦ ሥርዓተ ትምህርትና የምርቃት መስፈርት የስቴቱ ሥልጣን ነው፤ ስቴትዎን ያነጋግሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ባልቲሞር ላይ የዜግነት ፈተና ስፈተን ከማጥናቸው 100 ጥያቄዎች አንዱ «የስቴቶችን አንድ ሥልጣን ጥቀስ» የሚል ነበር፤ ከመልሶቹ የመጀመሪያው ደግሞ «ትምህርት ማቅረብ» ነው። ይህን መልስ በመኪና ውስጥ፣ በወጥ ቤት፣ ጸጉሬን ስቆረጥ ሳይቀር ለወራት ስደጋግመው ነበር። በቃሌ ያዝሁት እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ እንዲህ ነው፦ የኮርሱን የመጀመሪያ አጋማሽ ማታ በኢንተርኔት፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ቀን ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን እንድትወስድ ተፈቀደላት። ለዚህ ሲባል የምትወደውን የስታቲስቲክስ ክፍል ጣለች። ሁለተኛውን አጋማሽ ያለ መጀመሪያው መጀመር ቤትን ከጣሪያው እንደ መሥራት ነው። እኔም ላግዛት ብዬ የዜግነት ፈተናዬን ደብተር አወጣሁላት። 435 የኮንግረስ ተወካዮች፣ 100 ሴናተሮች፣ 27 የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች፤ በሁለት ምሽት ሸመደደችው። በሦስተኛው ምሽት የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች፦ በ1819 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜሪላንድ በባልቲሞር የነበረውን የፌዴራል ባንክ ቅርንጫፍ ግብር ማስከፈል አትችልም ሲል የወሰነው ለምንድን ነው? ደብተሬ ውስጥ መልስ አልነበረም። እኔም አልነበረኝም። ሁለታችንም ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዳኛ ጆን ማርሻል የጻፉትን ስንፈታ ቆየን፤ ግብር የመጣል ሥልጣን የማጥፋትም ሥልጣን ነው የሚለው ላይ ስንደርስ ገባት። ወዲያው ደግሞ ሳቀች፦ «አባዬ፣ አንተ ግን ለዋሽንግተን ደብዳቤ የጻፍከው ለፌዴራሉ ያልተሰጠውን ሥልጣን ለስቴቶች የሚተወውን ዐሥረኛውን ማሻሻያ ሳታነብ ነው እንዴ?»

ሌላም ማንም ባለሥልጣን ያልነገረኝ ጉድለት ነበር። እዚህ የአሜሪካ ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚሰጠው፤ ከአብዮቱ እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ ያለው በመካከለኛ ደረጃ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው በሁለተኛ ደረጃ። ስለዚህ በአሥረኛ ክፍል የገባ ልጅ ሕገ መንግሥቱ እንዴት እንደተጻፈ፣ ባርነት እንዴት እንደቀረ፣ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ ሳይማር ሊመረቅ ይችላል። ፍሬድሪክ ዳግላስና ሃሪየት ተብማን ሁለቱም ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት ተወልደው ያመለጡ ሰዎች ናቸው፤ ልጄ ስማቸውን የምታውቀው ከግድግዳ ሥዕል ነበር። እኔም ከቤተ መጻሕፍት የስምንተኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ተውሼ እሑድ እሑድ አብረን አነበብን። ከሁሉ የጠቀማት ይህ ነው።

የኔ ልጅ ብቻ ናት ወደ ኋላ የቀረችው ብዬ ነበር። ነገር ግን እዚህ የተወለዱት የቡድን ጓደኞቿ ስምንተኛ ክፍል የተማሩትን ከእሷ ይበልጥ አያስታውሱትም ነበር። በ2022 በአገር አቀፍ ደረጃ የተፈተኑ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በብቃት ደረጃ ላይ የተገኙት በታሪክ 13 በመቶ፣ በሲቪክስ 22 በመቶ ናቸው። አያስደንቅም፤ ከ2002 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በየዓመቱ እንዲፈተን የሚያስገድደው ንባብና ሒሳብን ነው፤ ታሪክን አይደለም። የማይፈተን ትምህርት ደግሞ ሰዓቱ እየተሸረፈ ይሄዳል። ኮሌጅ የሚቆጠረውን ኤፒ ገቨርንመንት የሚወስዱት 14 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በዝርዝር ያጠናሉ፤ የኢሶል (እንግሊዝኛን እንደ ተጨማሪ ቋንቋ የሚማር) ተማሪ ግን ወደዚያ ክፍል እንዲገባ ካውንስለሩ ራሱ አይመክረውም። በኔ እምነት ይህ ምክር ስህተት ነው፤ እንግሊዝኛው ክርክር እየሰማ ይሻሻላል።

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው። እኔ ዜጋ ለመሆን ለወራት አጥንቼ ተፈተንሁ፤ ፈታኙ ስድስት ጠይቆኝ ስድስቱንም ስመልስ አቆመ። እሷ ግን ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለነበረ የኔን ቃለ መሐላ ተከትላ አንድ ጥያቄ ሳትጠየቅ ዜጋ ሆነች። አገሩ ለእሷ ያሰበው ጠያቂ ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ያም በአንድ 1.0 ሊያልፋት ነበር። (ከጥቅምት 2025 ወዲህ ማመልከቻ ያስገቡ 128 ጥያቄዎች አጥንተው ከሚጠየቁት 20 ቢያንስ 12 መመለስ አለባቸው።)

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ እዚህ ከተሳሳቱ መመለሻ የለውምና። ጎረቤታችን የታኮማ ፓርክ ከተማ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌላቸውን፣ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ 16 ዓመት የሞላቸውን በከተማ ምርጫ ያስመርጣል። ይህን ሰምቶ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «መራጭ ልሁን» የሚለው ላይ ምልክት የሚያደርግ ግሪን ካርድ ያዥ ግን የተመዘገበው ለስቴትና ለፌዴራል ምርጫ ነው፤ ያም በዜግነት ማመልከቻው ላይ ይጠየቃል።

ቢሮዎቹ የሚሉት «ከአገር ቤት የመጣውን ክሬዲት ሁሉ አስቆጥሩ፤ ቶሎ ይመረቃል» ነው። እኔ የምለው ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውን አስቆጥሩ፤ የታሪክና የመንግሥት ትምህርቱን ግን ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ልጁን ዘጠነኛ ክፍል እናስገባው ካሏችሁም አትሟገቱ። እኔ «አሥረኛ ካልሆነ» ብዬ ጠረጴዛ ደብድቤ አሸንፌ ነበር፤ ያ ድል ምን እንዳስከፈላት አሁን አውቃለሁ።

ባለፈው ነሐሴ የእኅቴን ልጅ ለማስመዝገብ እዚያው ቢሮ ሄድሁ። ገምጋሚው ሌላ ሰው ነበሩ። ሲቪክሱ ላይ ሲደርሱ ፊታቸው በራና ገቨርንመንት ብለው ሊቆጥሩለት እስክሪብቶ አነሡ። አይቆጠርለት አልኋቸው። በስህተት የሰሙኝ መስሏቸው ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ እንቢ አልሁ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው እንቢታዬን በራሴ እጅ እንድጽፍና እንድፈርም አደረጉኝ። ጻፍሁና፣ እሳቸውም ከጎኔ እንዲፈርሙ እስክሪብቶውን መልሼ ሰጠኋቸው።