የማይክሮስትሪፕ አንቴና ጌይን፦ ከኤፍአር-4 ሰሌዳ ወደ አየር

ለ2.45 ጊጋኸርዝ የሚሆኑ የማይክሮስትሪፕ አንቴናዎችን (ከብረት ወለል በላይ በተነጠፈ ስስ የብረት ገጽ የሚያሰራጩ ጠፍጣፋ አንቴናዎች) አዳማ በሚገኘው መኖሪያዬ እየሠራሁ ጌይናቸውን፣ ማለትም ከሚገባቸው ኃይል ወደሚፈለገው አቅጣጫ አተኩረው የመላክ ብቃታቸውን፣ ለማሳደግ ስጥር የደረስኩበትን፣ በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ማካፈል እፈልጋለሁ። ጌይን ሲያንስ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው የፓቾቹን (ሞገዱን የሚያሰራጩት የብረት ገጾች) ቁጥር ማብዛት ነው፤ በእኔ እምነት ግን አስቀድሞ መመርመር ያለበት ኃይሉ የት እንደሚባክን ነው።

ሥራውን የጀመርኩት 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው የተለመደ ኤፍአር-4 ሰሌዳ (ለኤሌክትሮኒክስ ሰርኪዩት የሚውል የፋይበርግላስ ሰሌዳ) ነው። ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያሳጥር የሚወስነው የዳይኤሌክትሪክ ቋሚው 4.4 ገደማ በመሆኑ ፓቹ 38 በ29 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ሎስ ታንጀንቱ (ቁሱ ኃይልን ወደ ሙቀት የመቀየር ዝንባሌው) ግን 0.02 አካባቢ ሲሆን፣ ለማይክሮዌቭ ተብሎ የሚመረተው አርቲ ዱሮይድ 5880 ያለው 0.0009 ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ወደ ኤፍአር-4 ፓች ከሚገባው ኃይል ግማሽ ያህሉ ሳይሰራጭ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ፦ በሰሌዳው ውስጥ የጠፋ ኃይል ወደ መጋቢው ስለማይመለስ፣ ሪተርን ሎሱ (ወደ መጋቢው የሚመለሰው ኃይል ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚያሳየው ልኬት) እጅግ ያማረ፣ ባንድዊድዙም (የሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ስፋት) የሰፋ ሆኖ ይታያል። ጥሩ ማች፣ ማለትም ኃይል ወደ መጋቢው አለመመለሱ፣ የጥሩ ጌይን ማስረጃ አይደለም።

ስለዚህ ሰሌዳውን ትቼ፣ ከመዳብ ቆርቆሮ የቆረጥኩትን ፓች ከግራውንዱ (ከሥሩ ካለው የብረት ወለል) 5 ሚሊሜትር ከፍ አድርጌ በአየር ላይ አቆምኩት። በፓቹ መካከለኛ መስመር ላይ የኤሌክትሪክ መስኩ ዜሮ ስለሆነ፣ በዚያ ቦታ የሚገባ አንድ ብሎን አሠራሩን ሳያውክ ይሸከመዋል። አየር ሞገዱን ስለማያሳጥረው የፓቹ ርዝመት ወደ 54 ሚሊሜትር ያድጋል፤ ይህም የሚያሰራጩት ሁለት ጠርዞች እንዲራራቁና ጨረሩ እንዲጠብ ስለሚያደርግ፣ ብክነቱ ከመቀነሱ በተጨማሪ ዳይሬክቲቪቲውም (ብክነት ሳይታሰብ ጨረሩን በአንድ አቅጣጫ የማተኮር መጠኑ) ይጨምራል። ዋጋው የአንቴናው መተለቅ ነው፤ ቤት ላይ ለሚሰቀል የዋይፋይ አንቴና ይህ ብዙም የሚያሳስብ አይመስለኝም።

ጌይኑን የለካሁት ሁለት ተመሳሳይ አንቴናዎችን በ3 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት አቁሜ፣ እስከ 3 ጊጋኸርዝ በሚሠራ ናኖ ቪኤንኤ (የሚመለሰውንና የሚያልፈውን ሲግናል የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ) ነው። በዚህ ርቀት የነፃ ህዋው ብክነት 50 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ኤስ21 ላይ (ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው የደረሰው ሲግናል በዴሲቤል) ይህን ደምሮ ለሁለት ማካፈል የአንዱን ጌይን ይሰጣል። የኤፍአር-4 ጥንድ -44 ዴሲቤል አካባቢ ስላሳየ ጌይኑ ወደ 3 ዲቢአይ (በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚያሰራጭ ምናባዊ አንቴና ጋር ተነጻጽሮ የሚገለጽ ዴሲቤል) ይደርሳል፤ የአየሩ ጥንድ ደግሞ -34 አካባቢ ስለነበር 8 ዲቢአይ ሆኗል። የአዳማ ነፋስ ምሰሶዎቹን ሲያወዛውዝ ንባቡ ስለሚዋልል፣ የምለካው ጋብ በሚልበት ሰዓት ነው። በዙሪያው ያሉ የቆርቆሮ ጣሪያዎችም ሞገዱን ስለሚያንጸባርቁ ርቀቱን በትንሽ በትንሹ እየቀየርኩ ንባቦቹን አማካኝ አደርጋለሁ።

ፓቾችን መደርደርን በተመለከተ፣ ቁጥሩን በእጥፍ ማሳደግ በንድፈ ሐሳብ 3 ዴሲቤል ይጨምራል። ሆኖም በኤፍአር-4 ላይ የተሣለ 10 ሴንቲሜትር መጋቢ መስመር ብቻውን 1 ዴሲቤል የሚጠጋ ይበላል፤ ድርድሩ ባደገ ቁጥር መስመሩም ስለሚረዝም ትርፉ ይመናመናል። አሁን እየሠራሁት ባለው የአራት ፓች ድርድር መጋቢውንም ከሰሌዳው አውጥቼ፣ እንደ ፓቾቹ ሁሉ በአየር ላይ የተንጠለጠለ የመዳብ መስመር አድርጌዋለሁ።