ጎረቤት የሌላት ዘፋኝ

ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «አንቺ አሁንም ያቺ ልጅ አልወጣችልሽም?» ይሉኛል። አልወጣችልኝም። የአውስትራሊያዊቷ ዘፋኝ የዳሚ ኢም ወሬ ከተነሳ ማቆሚያ የለኝም። ዛሬ ጽፌው ልገላገል። ዓመቱን ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጆቹ ነው።

ዳሚ በ1988 ደቡብ ኮሪያ፣ ኢንቾን ተወለደች። 9 ዓመቷ ላይ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ አውስትራሊያ መጣች። ብሪስበን አጠገብ ሎጋን ውስጥ አደገች። አባቷ ግን አልመጡም። ኮሪያ ቀርተው እየሠሩ ቤተሰቡን ያስተዳድሩ ነበር። ኮሪያውያን ዘንድ ይሄ የተለመደ ነው። እናት ልጆቿን ይዛ ለትምህርት ትወጣለች፣ አባት ይቀራል፣ ገንዘብ ይልካል። እኛ ዘንድ ብሩ የሚላከው ከውጭ ወደ ቤት ነው። እነሱ ዘንድ ከቤት ወደ ውጭ። ናፍቆቱ ግን ያው ነው።

እናቷ የኦፔራ ዘፋኝ ናቸው። ልጅቷ ፒያኖ የጀመረችው በ5 ዓመቷ ነው። ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማረች። ከዚያ ግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በድምፅ ማስተርስ ሠራች። ፒያኖ ታስተምር ነበር፣ መዝሙርም ትዘምር ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የሚቀጥለውን ንዴቴን እንድትረዱት ነው።

በ2013 «ዘ ኤክስ ፋክተር አውስትራሊያ» የሚባለው የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ላይ ተወዳደረች። ለኦዲሽን የመረጠችው የማራያ ኬሪን «ሂሮ» ነበር። ዳኞቹ ሮናን ኪቲንግ፣ ዳኒ ሚኖግ፣ ናታሊ ባሲንግትዌይት እና ሬድፉ ናቸው። አንዲት ዓይናፋር የፒያኖ አስተማሪ ትገባለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሳቋ የፈራ። ከዚያ አፏን ስትከፍት አዳራሹ ይነሳል። ካሜራው የዳኞቹን ፊት እየዞረ ያሳያል፤ ሁሉም ደንግጠዋል።

እናንተዬ፣ ምን ያስደነግጣል? ሁለት ዲግሪ በሙዚቃ ያላት ሴት ጥሩ ዘፈነች። በቃ። ቴሌቪዥን ግን ሥልጠና አይወድም። ተአምር ነው የሚወደው። ተአምሩ እንዲያምር ደግሞ ሰውየው መጀመሪያ ምንም የማይጠበቅበት መሆን አለበት። ካልተለመደ መልክና ከትንሽ የአነጋገር ለየት ማለት የበለጠ ምን ይመቻል? እዚህ አውስትራሊያ ሥራ ፍለጋ ወረቀቱን ተሸክሞ የዞረ ሰው ይሄን ግርምት ያውቀዋል። «ኦ፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው!» የሚሉት ዓይነት።

ጭራሽ መንገድ ላይ ጥለዋት ነበር። ወደ ቀጥታ ስርጭቱ ሳትደርስ ከምርጫው ቀርታ፣ ሌላ ተወዳዳሪ ራሱን ሲያገል ነው በምትኩ የተጠራችው። ዳኒ ሚኖግ አሠልጣኟ ሆነች። ከዚያ ሳምንት በሳምንት ወጣች። አለባበሷም አብሮ ወጣ፤ ያቺ ዓይናፋር አስተማሪ ጠፋችና መድረክ የምትሞላ ሴት መጣች። ኦክቶበር 28 አሸነፈች፣ 25 ዓመት በሞላት በ11ኛው ቀን። ቴይለር ሄንደርሰን ሁለተኛ፣ ጃይ ዌትፎርድ ሦስተኛ ሆኑ። «አላይቭ» የሚለው የአሸናፊነት ዘፈኗ በአውስትራሊያ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ አልበሟም እንደዚሁ።

እዚህ ላይ የብዙዎቹ ታሪክ ያልቃል። ዋንጫ፣ ውል፣ አንድ አልበም፣ ከዚያ ዝም። የሚቀጥለው ዓመት ሌላ አሸናፊ አለ። ዳሚ የተለየችው ሌላ ውድድር ስለገባች ነው፤ ያውም አገሯ የሌለችበት አህጉር ውድድር።

አውስትራሊያ የአውሮፓ አገሮች የዘፈን ውድድር በሆነው ዩሮቪዥን ውስጥ ምን ትሠራለች? ሁሌ የሚጠየቅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ኤስቢኤስ የሚባለው ጣቢያ (የአማርኛ ዝግጅት ያለው እሱ ነው፣ እናቴ የምትሰማው) ዩሮቪዥንን ከ1983 ጀምሮ ያስተላልፋል። ከአውሮፓ የመጣው ስደተኛ እያየው ቆየ፣ ልጆቹም ወረሱት። በ2015 ውድድሩ 60 ዓመት ሲሞላው አውስትራሊያ በእንግድነት ተጋበዘች። ጋይ ሰባስቲያን ሄዶ አምስተኛ ወጣ። እሱም ማሌዥያ የተወለደ ነው፤ እሱም ታዋቂ የሆነው በ2003 «አውስትራሊያን አይዶል»ን አሸንፎ ነው። በ2016 ደግሞ ኤስቢኤስ ዳሚን መረጠ።

ስቶክሆልም ላይ የዘፈነችው «ሳውንድ ኦፍ ሳይለንስ»ን ነው። መድረኩ መሀል የሚያብረቀርቅ ከፍ ያለ ሳጥን አለ። እሷ እላዩ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ የሚያንጸባርቅ ቀሚሷ ወደ ታች ይፈሳል። ዳንሰኛ የለም፣ ሩጫ የለም። እኔ ቤተ ክርስቲያን እዘምራለሁ፤ ቆመንም እንኳ ትንፋሽ ያጥረናል። ተቀምጦ ከፍተኛ ድምፅ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ሆድ ይታጠፋል፣ አየሩ እንደልብ አይገባም። ትከሻዋን እዩት፣ አይነሳም። አንገቷ አይወጠርም። እጇ ብቻ በቀስታ ይሄዳል። ከዚያ ትነሳና ዘፈኑን ከፍ አድርጋ ትይዘዋለች። ያ ከ20 ዓመት በላይ የሆነው የፒያኖና የድምፅ ትምህርት እዚያች ትከሻ ላይ ነው ያለው። ተአምር አይደለም!

ፍጻሜው አውሮፓ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲጀምር ሜልበርን ላይ እሁድ ሌሊት 11 ሰዓት ነው። እናቴ ለቅዳሴ ስለምትነሳ ነጠላዋን ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ዳሚ ስትጨርስ «በይ ስልክሽን አምጪ፣ ድምፅ ስጪያት» አለችኝ። «እማዬ፣ ለራስ አገር መስጠት አይቻልም» አልኳት። «ታዲያ ማን ይስጣት?» አለች።

ጥያቄው እሱ ነው። ዩሮቪዥን ላይ ግሪክና ቆጵሮስ ይተያያሉ። የስካንዲኔቪያ አገሮች ይረዳዳሉ። ዘመድ ውጭ ያለው አገር ዘመዱ ይደውልለታል። አውስትራሊያ ማን አላት? ኒውዚላንድ እንኳ ውድድሩ ውስጥ የለችም።

በዚያ ዓመት የነጥብ አሰጣጡ አዲስ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ የየአገሩ ባለሙያ ዳኞች ነጥብ ለብቻው ይነበባል። ከዚያ የሕዝቡ ድምፅ ተደምሮ፣ ትንሽ ካገኘው ጀምሮ ወደ ላይ ይነገራል። ዳኞቹ ሲጨርሱ ዳሚ 320፣ ሁለተኛዋ የዩክሬኗ ጀማላ 211። ልዩነቱ 109 ነው! እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ከዚያ ሕዝቡ መጣ። ዳሚ 191 አገኘች፣ ድምሩ 511። ከሕዝብ አራተኛ ማለት ነው። ከዳኞች 7 ነጥብ ብቻ የነበረው የፖላንዱ ሚካል ሽፓክ 222 ተሰጠው። በየአገሩ ተበትኖ የሚሠራ ፖላንዳዊ ስልኩን አንስቷል ባይ ነኝ። ሁለት አገር ሲቀር ዳሚ አሁንም አንደኛ ናት። ከዚያ ዩክሬን 323። 534 ሆነች። የመጨረሻዋ ሩሲያ 361 ብታገኝም 491 ላይ ቀረች። በ23 ነጥብ ሁለተኛ ወጣን።

ጀማላ አይገባትም አላልኩም። ዘፈኗ በ1944 ስታሊን የክራይሚያ ታታሮችን ከአገራቸው ያባረረበትን ታሪክ ይናገራል። እሷም የተወለደችው ኪርጊዝስታን ነው። ሁለት የስደት ልጆች ፊት ለፊት ተገናኙ፣ ታሪኳን ይዛ የመጣችው አሸነፈች። ጥሩ ዘፋኝ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። ቢሆንም በባለሙያ ዳኞች ድምር አንደኛ የነበረች ልጅ ዘመድ ስላጣች ስትወርድ ማየት ያማል። በነገራችን ላይ በሁለተኛው ግማሽ ፍጻሜ አንደኛ የነበረችው ዳሚ ናት። ያ የሚነገረው ግን ፍጻሜው ካለቀ በኋላ ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም።

ብሪስበን ስትመለስ ሁለተኛነቱ እንደ ድል ተቆጠረላት። እስከ 2025 ድረስ ከዚያ የተሻለ ያመጣ አውስትራሊያዊ የለም። በኋላ አሳታሚዋን ሶኒን ትታ ወደ ኤቢሲ ሙዚክ ገባች። በ2021 «ማይ ሪያሊቲ» የሚል አልበም አወጣች። በዚያው ዓመት ደግሞ የታዋቂ ሰዎች «ማስተርሼፍ» ላይ ምግብ ስታበስል አየናት። ልጅቷ ውድድር አይሰለቻትም መሰለኝ።

እኔ ከሁሉም የምመርጠው ኤክስ ፋክተር ላይ የዘፈነችውን «ፐርፕል ሬይን» ነው። ስቶክሆልም ላይ ሁሉ ነገር ተለክቶ ተቆርጧል። እዚያ ግን ገና እየሞከረች ነው፣ ድምፅዋን ትለቀዋለች። ዩቲዩብ ላይ አለ። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የዳኞቹ ፊት ሲመጣ ግን ዓይናችሁን ጨፍኑ።