ሲዲ ኤይትን የሚጠይቅ የለም

«የኮሮና ክትባት በዓመቱ ደረሰ። የኤች አይ ቪው አርባ ዓመት ሙሉ ምን ነክቶት ነው?»

የባጃጅ ደንበኛዬ ነው። ጊዮርጊስ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመናል። ላብራቶሪ እንደምሠራ ያውቃል፤ በእሱ ቤት ሁሉን አውቃለሁ።

ዋናው ነገር ቫይረሱ መልኩን መቀያየሩ ነው። አንቲቦዲ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን ቫይረሱን የሚይዘው ከላይ ነው። ኤች አይ ቪ ደግሞ ላዩን በስኳር ይሸፍናል፣ ቶሎ ቶሎም ይቀይረዋል። ኢንፍሉዌንዛም ተለዋዋጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለቴ ተሰብስቦ የክትባቱን ዝርያ የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ቲ ሴል የሚባለው የመከላከያ ነጭ የደም ሴል ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው። የተያዘ ሴል ውስጡ የተመረተውን የቫይረስ ፕሮቲን ቆራርጦ ቁራጩን ደጅ ያወጣዋል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ቢሆን ነው። ሲዲ ኤይት የሚባለው ቲ ሴል ቁራጩን ካወቀው ሴሉን ይገድለዋል። እኛ አገር ሲዲ ፎርን የማያውቅ የለም፤ «ስንት ሆነ?» እያለ የሚመጣ ስንቱ ነው። ሲዲ ኤይትን የሚጠይቀኝ ግን የለም። ያሳዝነኛል።

ደንበኛዬ ቀደመኝ። «ገባኝ! ታርጋውን፣ ቀለሙን ትቀይራለህ። ሞተሩን አውጥተህ ግን አትነዳም።»

ይኸው ነው። ቫይረሱ ልቀይር ቢል ራሱን የሚጎዳባቸው ቦታዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እነዚህን ቦታዎች ከፕሮቲኖቹ ቅርጽ ተነስቶ ለየ። ያለ መድኃኒት ቫይረሱን የሚቆጣጠሩ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ሲዲ ኤይት ይበልጥ የሚያነጣጥረው እዚያ ላይ ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ ለምን አይሠሩትም?»

ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋረጠው ስቴፕ የተባለው ሙከራ ቲ ሴል ቀስቅሶ ነበር፤ ከመያዝ ግን አላዳነም። የብዙ ዝርያዎችን ቁርጥራጭ በኮምፒውተር አገጣጥመው የሠሩትም ክትባት በደቡባዊ አፍሪካ ተሞክሮ በ2021 ቆመ። ቲ ሴል ሥራ የሚጀምረው ቫይረሱ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ መሆኑም አለ። እንደ እኔ ግን ቲ ሴሉን በብዛት መቀስቀስ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ የት ላይ ያነጣጥራል ነው ጥያቄው።

ደግሞ ቁራጩን ደጅ የሚያወጣው ኤች ኤል ኤ የሚባል ፕሮቲን ከሰው ሰው ይለያያል። እኔ ሴል ላይ የሚታየው ቁራጭ ደንበኛዬ ላይ ላይታይ ይችላል። እኛ አገር በብዛት ያለው ቫይረስ ደግሞ ሲ የሚባለው ዝርያ ነው። ስለዚህ ሌላ አገር ሰው ላይ ተመርጦ የመጣ ቁራጭ ባሕር ዳርም ይሠራል ብሎ መነሳት አይቻልም፤ የእኛ ደም ላይም መታየት አለበት።