ይግባኝ ባይ ሲቀር

ይግባኝ ባይ በቀጠሮው ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋ ቢባል አልቃወምም። ችሎት ሲመቸኝ ብቅ እላለሁ የሚባልበት ቦታ አይደለም። የእኔ ጭቅጭቅ እንዴት ይዘጋ፣ ከተዘጋስ እንዴት ይከፈት በሚለው ላይ ነው።

ዛሬ እዚህ ጎንደር አንድ ችሎት ደጃፍ ተራዬን ስጠብቅ የአንድ ሽማግሌ ስም ተጠራ። የመሬት ክርክር ነው። ችሎት አስከባሪው ሦስቴ ተጣራ። አቤት የሚል ጠፋ። ባላጋራቸው፣ መልስ ሰጪዋ፣ ግን ልጅ አዝላ ቆማለች። መዝገቡ ተዘጋ፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሽማግሌው አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሱ። ጋቢያቸው አቧራ ጠጥቷል። የይግባኝ አቤቱታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ከዳባት ሲመጡ መንገድ ተዘግቶባቸው አምባ ጊዮርጊስ አድረዋል።

«ልጄ፣ ጠሩኝ እንዴ?» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። ግን ሴትዮዋም የዚያው አገር ሰው ናት። መንገዱን ፈርታ ቀድማ መጥታ እዚሁ ማራኪ ሰፈር ዘመድ ቤት ሰንብታለች። እሷን በባዶ እጅ ሸኝቶ «ለሚቀጥለው ወር ተመለሺ» ማለት ፍትሕ ነው ብዬ አልከራከርም።

ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ጉዳዩ የቱ ላይ ደርሷል የሚለው ነው። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ዳኞች መልስ ሰጪን ሳይጠሩ ይግባኙን መርምረው ሊዘጉት ይችላሉ። መልስ ሰጪው ይጠራ ካሉ «ያስቀርባል»፣ ሳይጠሩት ከዘጉት «አያስቀርብም» እንላለን። ያስቀርባል ከመባሉ በፊት ይግባኝ ባዩ ቢቀር የተንገላታ ባላጋራ የለም። አንድ አጭር ቀጠሮ ቢሰጠው ማን ይጎዳል? ያስቀርባል ከተባለ በኋላ ግን ልጅ አዝሎ የሚመጣ ሰው አለ።

ከሁሉ የማልወደው ዳኞች ይግባኝ ባዩ በሌለበት ፍሬ ነገሩን፣ ማለትም ክርክሩን ራሱን፣ መርምረው «ቅሬታውን አልተቀበልነውም» ሲሉ ነው። ሕጋችን ብዙ ነገር የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1908ቱ የሕንድ ሕግ ነው። ሕንዶች እ.ኤ.አ. በ1976 ማሻሻያቸው ላይ ነገሩን ቁርጥ አድርገውታል፦ ይግባኝ ባዩ ከቀረ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን በመቅረቱ ሊዘጋ ይችላል እንጂ በፍሬ ነገሩ ውድቅ ማድረግ አይችልም። ልክ ናቸው። በመቅረት የተዘጋ መዝገብ ምክንያት ቀርቦ ይከፈታል። በፍሬ ነገር ከወደቀ ግን ሰውየው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ወደ በላይ ፍርድ ቤት ሊሄድ ነው። ይሄ ምን ይሉታል?

መክፈቱም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም። በእኛ ሕግ አንቀጽ 74 በመቅረቱ የተዘጋበት ከሳሽ በአንድ ወር ውስጥ በቂ ምክንያት ማስረዳት አለበት። በቂው የቱ እንደሆነ የሚመዝነው ዳኛው ነው። አንዳንዱ ዳኛ የሐኪም ወረቀት ካላየ አያምንም። እሺ፣ ለተዘጋ መንገድ የሕመም ፈቃድ ማን ይጻፍ? በሌለበት የተፈረደበት ተከሳሽ በአንቀጽ 78 ወሩ የሚቆጠርለት ፍርዱን ካወቀበት ቀን ነው። ለይግባኝ ባይም እንደዚያው ቢቆጠር ደስ ይለኛል። ስልክ የማይሠራበት ገጠር ያለ ሰው መዝገቡ መዘጋቱን የሚሰማው ገበያ ላይ ነው።

እኔ ዳኛ ብሆን የማየው የሰውየውን አመል ነው። ሲመላለስ የኖረና ሳይውል ሳያድር ያመለከተ ከሆነ እከፍትለታለሁ። የሴትዮዋን ትራንስፖርትና የሰነበተችበትን ወጪ ግን ቆጥሮ ይክፈላት። «ወጪና ኪሳራው በመጨረሻ ይታያል» የምትለዋ ነገር አትጥመኝም፤ መጨረሻው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል?

የሽማግሌውን መዝገብ ማስከፈቻ ማመልከቻ አሁን ጽፌ ጨረስኩ። መንገዱ መዘጋቱን ቀበሌያቸው በደብዳቤ እንዲያረጋግጥልን ከሰዓት ደውለን ነበር። ሊቀመንበሩ አልተገኙም።