ደብዳቤው ለአባቴ ነው የተጻፈው
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ማኅበር አለን። አገር ቤት ላለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መጻሕፍትና ዴስክ እንገዛለን። ለዓመታት ገንዘብ የምናሰባስበው በእራት ዝግጅት ነበር። ግን አዳራሹና ምግቡ ብዙውን ይበላዋል። በፖስታ ደብዳቤ እንላክ አልኩ፤ ሥራው ለእኔው ተሰጠኝ።

የመጀመሪያው ዙር አልሰመረም። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ማኅበሩ አመሠራረትና ስለ ቦርዱ አወራን። ስለ ገንዘቡ ግን መጨረሻ ላይ «የተቻላችሁን» ብቻ ነው ያልነው። ከሁሉ የባሰው የስሙ ነገር ነው። ደብዳቤውን ያተመልን ድርጅት እንደ አሜሪካኖቹ ሁለተኛውን ስም ወስዶ «ውድ አቶ» ብሎ የሁሉንም የአባት ስም አስገባ። አንድ አዛውንት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ደብዳቤው ለአባቴ ነው የተጻፈው። እሳቸው ካረፉ ስንት ዘመናቸው» አሉኝ። አልተቆጡም። ባይቆጡም እኔን ግን ከበደኝ።

በማግስቱ ዝርዝሩን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስም በስም አጣራሁ። ጋሽ የሚባሉትን ጋሽ፣ እትዬ የሚባሉትን እትዬ አልኳቸው። የማላውቀውን ሰው ከሚያውቀው ጠየቅሁ። ሦስት ምሽት ፈጀብኝ፤ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ይሄ ነው።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ሆነ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው የተቀመጡ ልጆችን ነው የሚያሳየው። መሀል ያለችው ልጅ ስትጽፍ ክርኗ የጎረቤቷን ደብተር ይገፋል። ከዚያ የአንድ ዴስክ ዋጋ፣ ቁርጥ ያለ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ስሙን፣ ቀጥሎ ፊርማውንና ከፊርማው በታች ያለውን ነው። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ጥያቄያችንን በአንድ መስመር፣ በእስክሪብቶ በእጄ ጻፍኩት። አድራሻችን የታተመበት መመለሻ ፖስታም አብሮ ገባ።

ስለ ፖስታ ቤቱም ልንገራችሁ። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የቅናሽ ታሪፍ አላቸው። ከታክስ ነፃ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከፖስታ ቤቱ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ። በአንድ ጊዜም ቢያንስ 200 ደብዳቤ ወይም 50 ፓውንድ የሚመዝን መላክ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፖስታው ላይ «ይመለስልን» የሚል ማሳሰቢያ ካላሳተማችሁ፣ ሰውየውን ያጣው ደብዳቤ እዚያው ይጣላል። የእኛ ሰው ደግሞ ቤት ይቀያይራል። ስንቱ ደብዳቤ እንዲህ እንደቀረብን ሳስብ ይቆጨኛል። አሁን ለነባር ለጋሾቻችን የምልከው በቅናሹ ሳይሆን በሙሉ ዋጋ ቴምብር ነው።

የምንልከው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፤ እስከ ዲሴምበር 31 በፖስታ የተላከ ቼክ ለዚያው ዓመት ታክስ ይቆጠራል። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ታክስ ላይ ለማስቀነስ ከእኛ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። እኔ ግን 20 ዶላር ለላከውም በሳምንቱ ውስጥ ምስጋና እጽፋለሁ።

እኚያ አዛውንት በሁለተኛው ዙር የአንድ ዴስክ ቼክ ላኩ። ምስጋናውን በፖስታ አልላክሁም፤ ቤታቸው ሄጄ ሰጠኋቸው፣ ቡናም ጠጥተን ተለያየን።